መርፌ የወጋቸው ወረቀቶች

በዚያ ሰኔ በከተማችን የማይጨስ ምድጃ አልነበረም። ሙቀቱ ሰው ያቀልጣል፤ ጭሱ ግን ከየጣሪያው ይወጣል። ዳቦ የሚጋገር እንዳይመስላችሁ። ሰው ሁሉ ወረቀት ያቃጥል ነበር።

ቡልጋሪያ ገና በቱርኩ ሱልጣን እጅ ነበረች። በጸደይ የተነሳው አመፅ ተደምስሶ ወታደሮቹ የቤት ለቤት ፍተሻ ጀምረዋል። በጎረቤት ከተማ አንዲት መምህርት በደብዳቤ ሰበብ ታስራ ከተወሰደች ወዲህ የት እንደደረሰች የሚያውቅ የለም። የእኛዋ መምህርት ቴዎፋና ከዚያች ሴት የተጻፉላት ደብዳቤዎች ነበሯት። የሴቶች ትምህርት ቤት ከከፈተችበት ቀን ጀምሮ የጻፈችው የዕለት ማስታወሻም ከደብዳቤዎቹ ጋር በትራስ ልብስ ታጭቆ አልጋዋ ሥር ተቀምጧል።

የቤት አከራይዋ እማማ ስቶያ እሳቱን ራሷ አነደደችላት። ቴዎፋና ምድጃው ፊት ተንበርክካ የመጀመሪያውን ወረቀት አነሳች። የጫማ ሰሪው ልጅ፣ ያቺ ለሴት ፊደል ኃጢአት ነው እየተባለች ያደገችው፣ ስሟን ለመጀመሪያ ጊዜ የጻፈችበት ቀን ማስታወሻ ነበር። መልሳ አስቀመጠችው። ሌላ አነሳች፤ እሱንም መለሰችው።

«ልጄ፣ ወረቀቱ አንገት የለውም፤ አንቺ ግን አለሽ» አለቻት እማማ ስቶያ።

ቴዎፋና የትራሱን ልብስ ታቅፋ በጓሮ በኩል ወጣች። የሄደችው ወደ ሚንቾ ሱቅ ነው።

ሚንቾ ብርድ ልብስ ሰፊ ነበር። ጥጡን በደጋን ይነድፋል፣ በሁለት ጨርቅ መሃል ይዘረጋል፣ በረጅም መርፌ ይሰፋል። ቀልድ አዋቂ ነው፤ ቴዎፋናን ሲያይ ግን ምላሱ ይተሳሰራል። ሁለት ዓመት ሙሉ ምክንያት እየፈለገ ትምህርት ቤቱ ደጃፍ ይመጣል፤ ኮፍያውን አውልቆ ስለ አየሩ ጥቂት ይናገርና ይመለሳል። ለምን እንደሚመጣ ከተማው ያውቃል። ለምን እንደማይናገርም ያውቃል፤ ያገባች ሴት እንዳታስተምር ሽማግሌዎቹ ደንብ አውጥተዋል። ሌላ ሴት መምህር ደግሞ የለም። እሷን ለትዳር መጠየቅ ትምህርት ቤቱን ማዘጋት ነበር።

ያን ቀን ስለ አየሩ አልተነሳም።

«ማቃጠል አቃተኝ» አለችው።

ሁልጊዜ «እርስዎ» እያለ የሚያናግራት ሰው በሩን ገርበብ አደረገና እጁን ዘረጋ። «አምጪው።»

«ቢያገኙብህ ይሰቅሉሃል።»

«እስኪያገኙት ድረስ ጥጥ ነው።»

እሷ እያቀበለችው እሱ ወረቀቶቹን በጥጡ መሃል ደረደረ። ጽሑፉን ወደ ታች እየገለበጠ እንደሚያስቀምጥ አስተዋለች። ማንበብ ያውቃል፤ መነኮሳት አስተምረውታል። ላለማየት ብሎ ነው። ቴዎፋና እፎይ አለች፤ ስሙ እዚያ ውስጥ ከአንድ ጊዜ በላይ ተጽፏልና። ጣቶቻቸው ሲነካኩ ሁለቱም ቶሎ አላነሱም። መንገድ ላይ የጫማ ድምፅ በተሰማ ቁጥር ግን ትንፋሻቸውን ይይዛሉ።

የመጨረሻውን ክር ቋጥሮ ሳይበጥስ በሩ ተከፈተ።

የመቶ አለቃው ሽበት የወረረው፣ ፊቱ የደከመ ሰው ነበር። የትምህርት ቤቱ ኃላፊ ሐጂ ቫልኮ ቤቶቹን እንዲያሳይ ተገድዶ ከኋላው ይከተላል። ኢየሩሳሌምን ተሳልሞ በመምጣቱ ነው ሐጂ የሚባለው፤ ሽማግሌዎቹን ደንቡን ያስወጣቸውም እሱ ራሱ ነው። ወታደሮቹ የጥጡን ከረጢቶች በታተኑ። አንዱ ብርድ ልብሱን በመዳፉ ጫን አደረገው።

ብርድ ልብሱ ተንኮሻኮሸ።

ቴዎፋና የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘች።

«ውስጡ ምንድነው?» አለ የመቶ አለቃው።

«ደረቅ በሶብላ፣ ጌታዬ» አለ ሚንቾ። «ለሙሽራ ብርድ ልብስ እንጨምራለን፤ ብል እንዳይበላው።»

«ቅደደው» አለ የመቶ አለቃው ወታደሩን።

«ጌታዬ፣ የሙሽራ ብርድ ልብስ ከሰርጉ በፊት ከተቀደደ ትዳሩ አይሰምርም ይላሉ።» የሚንቾ ላብ በአፍንጫው ላይ ይወርዳል።

«የማን ሰርግ ነው?»

ሚንቾ ወደ ብርድ ልብሱ አቀረቀረ። የማንን ልጅ ስም ይጥራ? የተጠራችው ሁሉ መጠየቋ አይቀርም። ቴዎፋና ሐጂ ቫልኮን አየችው፤ እሱም አያት። ከአፏ የሚወጣውን እሱ ከሰማ ትምህርት ቤቱ አበቃለት።

«የኔ» አለች። «የኔና የሱ።»

የመቶ አለቃው ወደ ሐጂው ዞረ። «እውነቷን ነው?»

ስለ ሐጂ ቫልኮ ከሰማሁት ሁሉ ደስ የሚለኝ ይኸው ብቻ ነው። «ሰርጉ እሁድ ነው» አለ። «እርስዎም ተጠርተዋል።»

የተጠራው የመቶ አለቃም እሁድ መጣ። በእኛ ልማድ የሙሽራዋ ዕቃ በሰው ፊት እየተጨፈረበት ይወጣል። ሴቶቹ ብርድ ልብሱን ተሸክመው ሲጨፍሩ፣ ከቆዳ ስልቻ ጋር የተያያዘ ዋሽንት የሚነፋው ሰው መንኮሻኮሹ እንዳይሰማ ጉንጩ እስኪቀላ ነፋ፤ የሰማ ሁሉ ድምፁን ለመሸፈን አጨበጨበ። እንደዚያ በፍርሃት የተጨፈረበት ሰርግ ከተማችን አይታ አታውቅም። የመቶ አለቃው በላ፣ ጠጣ፣ ሲወጣም ብርድ ልብሱን ዳበስ አደረገና «በሶብላው በዝቷል» ብሎ ሄደ። አውቆ ይሁን ሳያውቅ ዛሬም ያከራክራል።

ሰኞ ጠዋት ሐጂ ቫልኮ የትምህርት ቤቱን ቁልፍ ሊቀበላት መጣ። ደንብ ደንብ ነው አለ። ልጃገረዶቹ ወደየቤታቸው ተመለሱ።

ባልና ሚስቱ በዚያ ብርድ ልብስ ሥር ተኙ። አንዱ ሲገላበጥ ይንኮሻኮሻል፤ ሁለቱም ደንግጠው ይነቃሉ። ሚንቾን ደግሞ ሌላ ፍርሃት ያዘው። ቴዎፋና ያገባችው ፈርታ፣ ወረቀቶቿን ለማዳን ብላ ብቻ መሰለው። መጠየቁን ፈራ። ዝም ሲል እሷ ደግሞ በእሷ ምክንያት የገባበት አደጋ ያስመረረው መሰላት። አንድ ቤት ውስጥ እየተዋደዱ ሲጠባበቁ ሁለት ክረምት አለፈ።

ከዚያ የሱልጣኑ ጦር በጦርነት ተሸንፎ አገሩን ለቆ ወጣ። ሐጂ ቫልኮ ቁልፉን ይዞ መጣና፣ ያገባችም ብትሆን ተመልሳ እንድታስተምር አጎንብሶ ለመናት። ያን ዕለት ሚንቾ ብርድ ልብሱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ስፌቱን ፈታ። ወረቀቶቹን ከጥጡ እያጸዳ ደረደራቸውና ሰጣት።

«አንድም አላነበብኩም» አለ፤ ቀና ብሎ አላያትም። «አሁን የሚያስፈራሽ የለም። ያን ቀን ጨንቆሽ ያልሽውን ቃል… አልይዝብሽም። መሄድ ከፈለግሽ አልይዝሽም።»

ቴዎፋና በፍተሻው ቀን እንኳ እንደዚያ አልፈራችም። ወረቀቶቹን አገላብጣ አንዱን መዘዘች። «ይህን አንብበው» አለችው።

ከፍተሻው በፊት፣ ሚንቾ መመላለስ በጀመረበት ዓመት የተጻፈ ነበር። «ብርድ ልብስ ሰፊው ሚንቾ ዛሬም መጣ። ዛሬም ስለ አየሩ ብቻ ተናገረ። ከጠየቀኝ እምቢ ማለት አልችልም፤ እሺ ካልኩ ልጆቼን አጣለሁ። ጌታ ሆይ፣ እባክህ አፉን አትክፈተው።»

ሚንቾ ደጋግሞ አነበበው። በፍተሻው ቀን ሳያይ የሰደደው መርፌ የገዛ ስሙን በስቶ አልፏል።

«ስንቴ ልናገር ብዬ መጥቼ አፌ ተዘግቶብኝ ተመለስኩ» አለ። «ለካ አንቺ ነሽ ያስዘጋሽብኝ።»

ቴዎፋና ሳቀች፤ ወዲያው አለቀሰች፤ እሱም ተከተላት።

ወረቀቶቹ ዛሬ በከተማችን ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። ቀዳዳቸውን አይተው ብል በላቸው የሚሉ እንግዶች አሉ፤ እኛም ሁልጊዜ አናርማቸውም። ያቺን አንዷን ግን እዚያ አትፈልጓት። ሚንቾ መልሶ አልሰጣትም፤ በአዲሱ ብርድ ልብሳቸው ውስጥ ሰፋት። እስኪያረጁ ድረስ ሲገላበጡ ትንኮሻኮሽ ነበር፤ ማንም ግን ደንግጦ አልነቃም።