ሰማያዊ ያደረግኩት ገንዳ

መጀመሪያ ያየኋት ቀን ተቆጣችኝ። እኔ የማተሚያ ቤት ዲዛይነር ነኝ። እሷ ልብስ ሰፊ ናት፤ ለሱቋ በር የሚሆን ትልቅ ፎቶ ልታሳትም መጣች። ከልጅነቷ ጀምሮ አንድ እግሯ አጠር ይላል። እኔም ደስ የሚላት መስሎኝ በኮምፒውተር እግሮቿን እኩል፣ ትከሻዋን ቀጥ አድርጌ ሰጠኋት።

«ይቺ ማን ናት?»

«አንቺ ነሽ።»

«እኔ ይቺን አላውቃትም። የኔን መልስልኝ።»

ሰፈሯ ውስጥ «መርፌ» እንደሚሏት የሰማሁት በኋላ ነው። መልሼ ሠራሁላት፣ ይቅርታ ጠየቅኩ፣ ከዚያ ሱሪ ላሳጥር በሚል ሰበብ ሱቋ ተመላለስኩ። የማሳጥረው ሱሪ ሲያልቅብኝ የእህቴን ቀሚስ ይዤ ሄድኩ። እንዲህ እንዲህ እያልን አንድ ዓመት ሞላን።

አለቃዬ በየዓመቱ የአንድ ፍል ውሃ መዝናኛን ማስታወቂያ ያመጣልኛል። ፎቶው ላይ ገንዳው አረንጓዴ ነው። «ሰማያዊ አድርገው» ይለኛል፤ አደርገዋለሁ። የተላጠውን ግድግዳ እቀባለሁ፣ የደረቀውን ሣር አለመልማለሁ። ቦታውን በዓይኔ አይቼው አላውቅም። ጥፋቱ የፎቶ አንሺው ነው እያልኩ ራሴን ስሸነግል፣ በአምስት ዓመት ውስጥ የገዛ ቀለሜን አመንኩት። ዘንድሮ መዝናኛው ለማተሚያ ቤቱ የሦስት ቀን ግብዣ ላከ፤ አለቃዬም ለእኔ ሰጠኝ። እዚያ ገንዳ ዳር እንድታገባኝ ልጠይቃት ወሰንኩ።

«የስፌት መኪናው ላይ ስውል ወገቤ አላስቀምጥ ብሎኛል» አለችኝ ማስታወቂያውን እያየች። «ውሃው እውነት እንደዚህ ነው?»

«እንደዚህ ነው» አልኳት አፌን ሞልቼ። የሠራሁት እኔ መሆኔን ግን አልነገርኳትም። የኔን ማስተካከል አንዴ ቀምሳዋለች።

ስንደርስ አሳንሰሩ ላይ «ለጊዜው አይሠራም» የሚል ወረቀት ተለጥፏል፤ ወረቀቱ ራሱ አርጅቶ ቢጫ ሆኗል። የተሰጡን ሁለት ክፍሎች ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበሩ። መደገፊያውን ይዛ አንድ እግሯን እያስከተለች ስትወጣ፣ ከኋላዋ ሻንጣ ተሸክሜ በየደረጃው ልቤ ይቆረጥ ነበር። የመታጠቢያዋን ቧንቧ ከፈትኩላት። አሳለው፣ ዝገት ተፋ፣ ከዚያ ለብ ያለ ውሃ ጠብ ጠብ አለ። በመስኮት ገንዳው ይታያል። አረንጓዴ ነው። መሃሉ ላይ አንዲት እንቁራሪት ትንሳፈፋለች።

«ቢያንስ አንድ ደንበኛ ደስ ብሎታል» ብላ ሳቀች። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ምሳ ላይ አንድ ሽማግሌ ጉልበታቸውን ከሚያማቸው ባለቤታቸው ጋር ተቀምጠዋል። ጠረጴዛቸው ላይ የኔ ማስታወቂያ ተዘርግቷል።

«ይህን የሠራ ሰው» አሉ ለአስተናጋጁ፣ «የእጁን ይስጠው።»

ማንኪያዬን አስቀመጥኩ። ባለቤታቸው ለመርፌ ፈገግ ብለው «ልጆቼ፣ ኑ አብረን እንብላ» ሲሉ፣ «አይ፣ ጨርሰናል» ብዬ ብድግ አልኩ። እሷን ሳልጠብቅ ወጣሁ። ያ የማውቀው ኮቴዋ ከኋላ ሊደርስብኝ ሲጣደፍ ይሰማኛል። አልዞርኩም። ይህን ስጽፍ ፊቴ አሁንም ይግላል።

ሁለት ቀን እንደዚያ ሆንኩ። ጥግ ጥግ እቀመጣለሁ፣ ሰው ሲመጣ አንገቴን እደፋለሁ፣ ሽማግሌው ከሩቅ ሲታዩኝ መንገድ እቀይራለሁ። ልጠይቃት ያሰብኩትንም ነገር አላነሳሁም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት በሯን ሳንኳኳ ሻንጣዋን እየዘጋች ነበር።

«ወዴት ነው?»

«ወደ ሥራዬ።»

«ቦታው አስጠላሽ አይደል?»

«ቦታው ምን አደረገኝ?» ቀና አላለችም። «አብሮኝ ሲሄድ የሚያፍር ሰው አውቃለሁ። ቀድሞ ይራመዳል፣ ጥግ ይመርጣል፣ ከሰው ጋር አያስቀምጠኝም። አንተ ትለያለህ ብዬ ነበር...»

እንዲህ ልታስብ ትችላለች የሚል ነገር አንድም ቀን አልመጣልኝም። የራሴን ፊት ስደብቅ ለካ እሷን ሰባብሬያታለሁ።

«በአንቺ አይደለም ያፈርኩት» አልኳት። «በራሴ ነው። ያንን ማስታወቂያ የሠራሁት እኔ ነኝ። አምስት ዓመት ሙሉ ሰማያዊ ያደረግኩት እኔ ነኝ።»

አልጋው ጫፍ ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች።

«እና እኔ ሁለት ቀን ሙሉ እግሬን ስረግም...»

«ይቅር በይኝ።»

«ለእኔ ነገርከኝ። ለሽማግሌውስ?»

ቁርስ ቤቱ ሞልቶ ነበር። እጇን ይዤ፣ በእሷ እርምጃ፣ መሃል ለመሃል ሄድኩ።

«አባባ፣ የእጁን ይስጠው ያሉት ሰው እኔ ነኝ።»

ሁሉንም ነገርኳቸው። ሽማግሌው ይጮሁብኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ማስታወቂያውን በጥንቃቄ አጠፉት።

«ልጄ» አሉኝ በቀስታ፣ ወደ ባለቤታቸው እያዩ፣ «እሷ ይህን ትራስጌዋ ለጥፋ ስድስት ወር ጠበቀች። ጠዋት ጠዋት ታየው ነበር።»

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ዕንባዬ መጣ። ባለቤታቸው ግን «በቃ ተወው፤ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ብለው ለመርፌ ወንበር ሳቡላት። ቁርሱን አብረን በላን። እኔ እንኳ በላሁ ለማለት ነው።

ከዚያ ሁለታችን ገንዳው ዳር ቆምን።

«እህትህ ነግራኛለች» አለችኝ። «ምን ልትጠይቀኝ እንዳመጣኸኝ።»

አንገቴን ደፍቼ ውሃውን አየሁ።

«በየማዕዱ ጠበቅኩህ። ብድግ ብለህ ስትወጣ፣ ሰው ፊት ሲያየኝ ሐሳቡን ቀየረ አልኩ።»

«አሁን ልጠይቅሽ?»

«አሁን አይሆንም። ያፈረ ሰው ለመካስ ሲል ማንኛውንም ቃል ይገባል። ፊትህ ሲመለስ ጠይቀኝ።»

ስመለስ የመዝናኛውን ሥራ ከእንግዲህ እንደማልሠራ ለአለቃዬ ነገርኩት። «አብደሃል» ብሎ ለባልደረባዬ ሰጠው። ባልደረባዬ ከኔ የተሻለ ሰማያዊ ያወጣል።

ከሦስት ሳምንት በኋላ አንድ ከሰዓት ሱቋ ሄድኩ። ሱቁ በሰው ተሞልቷል። የአንዲት ደንበኛ ቀሚስ ጫፍ እያጠፈች ነበር፤ በከንፈሮቿ መሃል ስፒሎች ይዛለች።

«ታገቢኛለሽ?» አልኩ፣ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብዬ።

ስፒሎቹን አንድ በአንድ እያወጣች መዳፏ ላይ ደረደረች። ደንበኛዋ ትዕግሥቷ አለቀ።

«መልሺለት እንጂ እቴ።»

«ቆይ፣ ፊቱን ልየው» አለች።

አየችኝ። አንገቴን አልደፋሁም።

«አገባሃለሁ» አለችና ስፒሎቹን ወደ አፏ መለሰች፤ ደንበኛዋ ቸኩላ ነበር።