በርሊየቷ አልተሰበረችም ነበር

ሐዋሳ፣ ከታቦር ተራራ ግርጌ፣ ቆርቆሮው በዛገ አንድ ግቢ ውስጥ፣ ፅጌና ባለቤቷ ሸዋንግዛው አርባ ሰባት ዓመት አብረው ኖረዋል። አብረው ኖረዋል ይባል እንጂ ፅጌ ከዚያ ዕድሜ ውስጥ ስንቱን ብቻዋን እንዳሳለፈችው የምታውቀው እሷ ናት! ሸዋንግዛው የረጅም መንገድ ሾፌር ነበር። ከጅቡቲ ፈረንሳዮች እጅ የወጣች፣ አፍንጫዋ የረዘመ፣ አረንጓዴ ቀለም የተቀባች በርሊየት የጭነት መኪና ነበረችው። ከአርባ ምንጭ ሙዝ፣ ከይርጋለም አናናስ ይጭንና በሻሸመኔ፣ በሞጆ፣ በአዋሽ አድርጎ እስከ ድሬዳዋ ይነዳል። ሲሄድ ሙዙ መንገድ ላይ እንዳይበስልበት ይጣደፋል፤ ባዶውን ሲመለስ ግን አይቸኩልም። በስድስት ቀን ይመጣል ሲባል በስምንት፣ በስምንት ሲባል በአሥር። ፅጌ የበርሊየቷን ድምፅ ከመኪና ሁሉ ለይታ ታውቀዋለች። ዳገቱን ስትወጣ ሞተሯ ጉሮሮውን እንደሚጠርግ ሽማግሌ ያጓራል። ያንን ድምፅ ስትሰማ የያዘችውን ጥላ ወደ በር ትሮጥ ነበር።

በ1977 ዓ.ም. አንድ ልጃቸውን፣ የአምስት ዓመቱን ፊልሞንን፣ ወባ ያዘው። ሸዋንግዛው ይመጣል የተባለው በዚያው ሳምንት ማክሰኞ ነበር። ማክሰኞ አልመጣም። ረቡዕም አልመጣም። ሕፃኑ በትኩሳት እየነደደ «አባባ መጣ?» ሲላት «ሻሸመኔ ደርሷል፤ አሁን ይመጣል» ትለዋለች። ስንት ጊዜ አለችው? ሐሙስ ረፋዱ ላይ ፊልሞን መጠየቁን ተወ… ጎረቤት ተሰብስቦ ቀበረላት። ሸዋንግዛው የደረሰው ከቀብሩ በሁለተኛው ቀን ነው። የለቅሶ ድንኳኑን ከሩቅ ሲያይ ከመኪናው ወርዶ መንገዱ ላይ ተደፋ። «አዋሽ በረሃ ላይ ተሰበረችብኝ፣ ፅጌ። መለዋወጫው እስኪመጣ አራት ቀን…» ከዚህ በላይ መናገር አልቻለም። ፅጌ ባሏን አልወቀሰችም። ከድንኳኑ ወጥታ የበርሊየቷን ፓራፋንጎ እጇ እስኪደማ በጡጫ መታችው። «አንቺ ብረት! ልጄን ያለ አባት አስቀበርሽኝ!»

ከዚያ ወዲህ ሸዋንግዛው ወደ ድሬዳዋ ነድቶ አያውቅም። ጭነቱን አዲስ አበባ አራግፎ በማግስቱ ይመለሳል። ሰው ሁሉ «ሐዘኑ ሰበረው» አለ። ሌላ ልጅ ግን አልመጣም። የቤተ ክርስቲያኗ እናቶች እጅ ጭነው ጸለዩላት፣ ጾሙላት፤ ዓመታት ሄዱ፣ ማህፀኗ ዝም አለ። በርሊየቷም አረጀች፤ መለዋወጫዋ ከገበያ ጠፋ፤ በመጨረሻ ብረት ቆራጮች መጥተው ግቢው ውስጥ በታትነው ጫኗት። ሸዋንግዛው ያን ቀን እንደ ሕፃን አለቀሰ። ፅጌ ግን እፎይ አለች። መከራዬ ከደጄ ተነሳ ብላ ነበር። ምን አውቃ!

ከሦስት ዓመት በፊት ሸዋንግዛውን መርሳት ያዘው። መጀመሪያ የጎረቤቱን ስም፣ ቀጥሎ የቤቱን በር፣ በመጨረሻም ፅጌን ረሳት። ያልረሳው መንገዱን ብቻ ነው። በረንዳው ላይ ላስቲክ ወንበር ላይ ይቀመጥና በግራ እግሩ ፍሪሲዮን ይረግጣል፣ በቀኝ እጁ ካምቢዮ ያስገባል። «ሞጆን አለፍን» ይላል። እሷም ሌላ ወሬ ሲያልቅባት «ቀስ ብለህ ንዳ» ትለዋለች። ከጠዋት እስከ ማታ የሚነጋገሩት ይህንኑ ነው። ባሏ ከጎኗ ተቀምጦ ፅጌ እንደ ድሮው ከመንገድ እስኪመለስ ትጠብቀው ነበር። ከዚህ የባሰ ብቸኝነት አለ?

አንድ የክረምት ከሰዓት በኋላ ሾርባ ስታጎርሰው እጇን ያዘ። ዓይኑ ለብዙ ጊዜ ባላየችው ፍቅር ተሞላ።

«ከበቡሽ፣ ልጅቷ ጡት ያዘች?»

ማንኪያው እጇ ላይ ቀረ። «የትኛዋ ልጅ?»

«ሃይማኖት ናታ፣ ልጃችን…» ሰው እንዳይሰማው ይመስል ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ምጥ ላይ ሆነሽ እንዴት ጥዬሽ እሄድ ነበር? አራት ቀን ሙሉ መኪናዬን አሰበ ተፈሪ አቁሜ ደጅሽ ላይ ተቀመጥኩ። ለፅጌ አዋሽ ላይ ተሰበረችብኝ አልኳት። በርሊየቷ መቼ ተሰበረች! ልጇን ቀብራ ነው የጠበቀችኝ፣ ከበቡሽ… ልጇን! ከእንግዲህ አልመጣም። ሌላ ልጅ አለኝ ብዬ በየትኛው ዓይኔ አያታለሁ?»

አቤት ያን ሰዓት! ፅጌ ሳህኑን መሬት አስቀምጣ ተነሳች፤ ወዴት እንደምትሄድ ግን አላወቀችም። ጓሮ ሄደች፣ ተመለሰች፣ ደግማ ሄደች። አርባ ዓመት ሙሉ የረገመችው ብረት ምንም አላደረጋትም ነበር! ልጇ «አባባ መጣ?» እያለ ሲያጣጥር አባቱ የሌላ ልጅ መወለድ ይጠብቅ ነበር! ማንን ትውቀስ? ይህንን ጥርስ የሌለው፣ የራሱን ስም የማያውቅ ሽማግሌ? ቢወቅሱትስ የት ሆኖ ይሰማል? ሦስት ቀን አላናገረችውም። አጠበችው፣ አበላችው፣ ልብሱን ለወጠችለት፤ ቃል ግን ከአፏ አልወጣም። እሱም ዝም ስትለው ግራ እየገባው «መንገዱ ጨለመ እንዴ?» ይላት ነበር።

በአራተኛው ቀን በባጃጅ ምሥራቅ ወደሚባለው ሰፈር ሄደች። የሸዋንግዛው ረዳት የነበረው ተመስገን እዚያ ጎሚስታ ቤት አለው። እሱም ዛሬ ጢሙ ነጥቷል። ሲያያት ወንበር ሊያቀርብ ተነሳ።

«ከበቡሽ ማናት?» አለችው እንደቆመች።

ተመስገን እጁን በጨርቅ መጥረጉን ተወ። «እትዬ ፅጌ… ማን ነገረዎት?»

«እሱ ራሱ።»

አንገቱን ደፋ። «አሰበ ተፈሪ ምግብ ቤት ነበራት። ካረፈች አሥራ አንድ ዓመት ሆናት። ልጅቷ አስተማሪ ናት፤ በዚያ ሳልፍ እየገባሁ እጠይቃታለሁ። ጋሼ ግን ፊልሞን ከሞተ በኋላ አንድ ቀን ሄዶ ተሰናበታቸው፤ ከዚያ ወዲያ አላያቸውም።»

«አርባ ዓመት ቤቴ እየገባህ ስትበላ አልከበደህም?»

«ከበደኝ፣ እትዬ። በየበዓሉ ዛሬስ ልንገራት እላለሁ፤ ፊትዎን ሳይ ያቅተኛል።» እንባው ጢሙ ላይ ወረደ።

የልጅቷን ስልክ ቁጥር ወረቀት ላይ አጽፋ ወጣች። ወረቀቱን ብትቀደው ማን ያውቅባታል? አንድ ነገር ግን አላስቀምጥ አላት። ያቺ ልጅ በዚያ የድሬዳዋ መንገድ ዳር ስታድግ ስንት የጭነት መኪና ሰምታ «አባቴ ይሆን?» እያለች ወደ በር ሮጣለች? በር ላይ ቆሞ መጠበቅን ከፅጌ በላይ ማን ያውቀዋል?

ደወለች። «ሃይማኖት ነሽ? ከሐዋሳ ነው፤ የሸዋንግዛው ባለቤት ነኝ።»

«ሞተ?»

«አልሞተም፤ ታሟል።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ የት ነበር? ደህና ሳለ ያልፈለገኝን አባት ሲታመም ላስታምም?… ይቅርታ እማማ፣ ክፍል መግባት አለብኝ።» ስልኩ ተዘጋ።

ከዚያ በኋላ ሸዋንግዛው ደከመ። ምግብ እምቢ አለ፤ ደረቱ ሲር ሲር ማለት ጀመረ። ሐኪሙም ተስፋ ቆርጦ ቤቱ ይሁን አለ። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። ፅጌ ስትከፍት ቦርሳ ያነገበች የአርባ ዓመት ሴት ቆማለች። ግንባሯ የሸዋንግዛው፣ ቅንድቧ የሸዋንግዛው… ፅጌ የበሩን መቃን ያዘች።

«ልሰድበው ነው የመጣሁት» አለች ሴትየዋ ቦርሳዋን ሳታወርድ። «ልዋሽዎት አልፈልግም።»

«ግቢ። ስድብም ቢሆን ካንቺ ይስማ።»

ሸዋንግዛው በረንዳው ላይ በትራስ ተደግፎ ተቀምጧል። ቀና ብሎ አያት። «ምነው ፀሐይ ላይ ቆምሽ፣ ልጄ? ነይ ግቢ፣ ጋቢና ቦታ አለ።»

ሃይማኖት ባለችበት ደርቃ ቀረች። ፅጌ በርጩማ አምጥታ ከጎኑ አስቀመጠችላት።

«ወዴት ነሽ?»

«ወደ… አሰበ ተፈሪ።»

«እኔም ወደዚያው ነኝ። ልጅ አለችኝ። ሙዝ ጭኜላት ነበር፤ ይኸው መንገዱ አላልቅ ብሎኝ። በተነሳሁ ቁጥር አዋሽ ላይ ይመሽብኛል።»

«ለምን አልሄዱም?» ድምጿ ተሰነጠቀ። «ለምን አንድ ቀን እንኳ አልሄዱም?»

«ፈራኋ!» አለ ሸዋንግዛው። «አንዱ ልጄ እየጠበቀኝ ሳልደርስለት ሞተ። እሷ ጋ ስሄድ እሱ ነው የሚታየኝ። ፈሪ ነኝ፣ ልጄ። አንቺ ቀድመሽኝ ከደረስሽ ሃይማኖት የምትባል ልጅ ጠይቂልኝ። አባትሽ አልረሳሽም በያት። ትነግሪያታለሽ?»

ለዓመታት ስትከምረው የኖረችው ስድብ የት ገባ? ሃይማኖት ጉልበቱ ላይ ተደፍታ ተንሰቀሰቀች። «እነግራታለሁ፣ አባባ… እነግራታለሁ!» እሱም የማያውቃትን መንገደኛ ፀጉር እየዳበሰ «አይዞሽ፣ እንደርሳለን» ይላት ነበር። ፅጌ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

በአራተኛው ቀን ማለዳ ሸዋንግዛው አረፈ። በቀብሩ ላይ ሃይማኖት ከፅጌ ጎን ቆማ ለቀስተኛ ተቀበለች፤ ሰው «ማን ናት?» እያለ ሲያንሾካሹክ ፅጌ ክንዷን አለቀቀችም። በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ተነሳ፤ ሁሉም ወደየቤቱ ሄደ። ሃይማኖትም ወደ ተማሪዎቿ መመለስ ነበረባት። መናኸሪያ ውስጥ አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል የፅጌን እጅ ያዘች።

«እማማ፣ እናቴ በእርስዎ ቦታ ብትሆን እርስዎን አትጠራም ነበር።»

«እኔም አልጠራም ብዬ ነበር» አለች ፅጌ።

ተቃቅፈው ተላቀሱ። አውቶቡሱ ሄደ፤ አቧራው እስኪቀመጥ ፅጌ ቆማ አየችው። ዕድል ምን ዓይነት ነገር ናት? በአንድ ሳምንት ከአንዷ ልጇን ወሰደች፣ ለሌላዋ ልጅ ሰጠች፤ ፅጌን ከልጅ፣ ሃይማኖትን ከአባት ነጥላ አርባ ዓመት በየደጃቸው አስቀመጠቻቸው። አሁን ባገናኘቻቸው ማግስት መልሳ ለየቻቸው። ይህን ማን ይጠይቃል? ማንስ ይመልሳል?

ወደ ታቦር የሚሄድ ባጃጅ ተሳፈረች። አጠገቧ የተቀመጠች አንዲት ሴት ጥቁር ልብሷንና ያበጠ ዓይኗን አይታ አዘነች።

«እማማ፣ ማንን ሸኝተው ነው እንዲህ የሚያለቅሱት?»

ፅጌ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ያን ቃል ከአፏ ካወጣችው አርባ ዓመት ሆኗታል።

«ልጄን» አለች።