የማይቸኩለው የጨዋታ መሪ

በጥሪ ማዕከሉ ዝምታ ጥፋት ነበር። ከስድስት ሰከንድ በላይ ዝም ያለች ሠራተኛ ስክሪኗ ላይ ቀይ ምልክት ይበራባታል። ስለዚህ እዚያ የምትሠራው ወጣት ሳምንቱን ሙሉ ስትናገር ትውላለች። እሑድ ከሰዓት በኋላ ማዳመጫውን የምታጠልቀው ግን ለጨዋታ ነው።

ጨዋታው አራት ሰዎች በኢንተርኔት ተገናኝተው በቃል የሚሠሩት ተረት ነው። መሪው አገሩን፣ ወንዙን፣ ጠላቱን ይተርካል። ሦስቱ ተጫዋቾች የየራሳቸውን ገጸ ባሕርይ ሆነው ይመልሳሉ። አጠራጣሪውን ነገር ዳይስ ተጥሎ የወጣው ቁጥር ይቆርጠዋል።

መሪው ሊፍት ጠጋኝ ነው። ፊቱን አይታው አታውቅም፤ ገና አፉን ሳይከፍት ግን በአተነፋፈሱ ትለየዋለች።

ሌሎች መሪዎች ያጣድፋሉ። እሱ «ድልድዩ ተሰብሯል፤ ምን ታደርጊያለሽ?» ይልና ይጠብቃል። አንድ እሑድ ደቂቃ ሙሉ ጠበቃት።

«ተኛች እንዴ?» አለ ሌላው ተጫዋች።

«እያሰበች ነው፤ ተዋት» አለ መሪው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ነው ነገር የተበላሸባት፤ ሳምንቱን ሙሉ የሱን እሑድ ስትጠብቅ ትሰነብታለች።

«ከኮምፒውተር ጋር ልትጋቢ ነው?» ትላታለች ታላቅ እህቷ፣ የታጠበ ልብስ እያጣጠፈች።

«ተይኝ እታለም፣ ደክሞኛል።»

«ለእኔ ሲሆን ይደክምሻል፤ ለሱ ስትስቂ ጎረቤት ይሰማል።»

ከሦስቱ ተጫዋቾች አንዷ ወለደችና ቀረች። ሌላው ፈረቃው ተቀየረበት። መሪውና እሷ ብቻ በቀሩ በሳምንቱ፣ ከሥራ ስትወጣ መልእክት ደረሳት፦ «ጨዋታውን ዘግቼዋለሁ። አንቺም ደክሞሻል፤ እረፊ።»

ደረጃው ላይ ቆማ ሦስት ጊዜ አነበበችው። ከጨዋታው በቀር የሚያገናኛቸው ክር አልነበረም። ደወለችለት፤ ከዚያ በፊት ደውላለት አታውቅም።

«ጥሩ መሪ በተጫዋቹ ቦታ አይወስንም» አለችው፣ ሰላም እንኳ ሳትል። «አንተው ነህ ያስተማርከን። ማረፍ አምሮኛል ብዬ ነገርኩህ?»

ወዲያ ማዶ ብረት ከብረት ሲጋጭ ተሰማ፤ ሥራ ላይ ነበር።

«ብጠይቅሽ እንቢ ትያለሽ ብዬ ፈራሁ።»

«ምኑን ነው እንቢ የምልህ?»

«ሁለት ሰው ብቻ ሲቀር ጨዋታ አይባልም፤ ሌላ ስም አለው። እሱን መጠየቅ አቃተኝ።»

«ስንቱን ዘንዶ ስትለቅብን አልፈራህም!»

«ያማ ተረት ነው፣ እመቤቴ።»

ሳቀች፤ ሳቋም የደከመ ነበር።

«በል፣ አሁን ጠይቀኝ።»

«ላግኝሽ?»

«ነገ አሥራ አንድ ሰዓት ከጥሪ ማዕከሉ እወጣለሁ፤ ፊት ለፊት ያለው ፌርማታ ላይ ጠብቀኝ። ድምፄ አልቆ ነው የምትደርሰው፤ አላጫውትህም።»

«እኔም አልቄ ነው የምመጣው።»

በማግሥቱ ከሕንፃው ፊት ለፊት ካለው ፌርማታ፣ ግራሶ የነካው ቱታ ለብሶ ቆሞ አገኘችው። ከጠበቀችው አጠር ይላል።

«ድምፅህ ረጅም ነበር» አለችው።

«ድምፄ ባለ ረጅም ተረከዝ ጫማ ያደርጋል።»

አግዳሚው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። አውቶቡስ መጣ፣ ሄደ፤ ሌላም መጣ፣ ሄደ። እሱ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ የመንገዱን ግርግር ያያል። ጭንቅላቷ ቀስ በቀስ ዘመመና ትከሻው ላይ ዐረፈ።

«ያንተ አውቶቡስ የትኛው ነው?» አለችው፣ ዓይኗን ሳትገልጥ።

«ያለፈው።»