ያልተለካበት ማክሰኞ

የመጋዘኑ ጣሪያ አፍስሶ ያረጠበውን ገጽ በማስመሪያ ጫፍ ከሥሩ ካለው እያላቀቀች ነበር።

ቀስ ብላ። ወረቀቱ ከተቀደደ ቁጥሩም አብሮት ይሄዳል። አንዱን ገጽ አላቅቃ መሀሉ ደረቅ ወረቀት ታስገባለች፣ በመዳፏ ጫን ትላለች፣ ወደሚቀጥለው ታልፋለች። በደብተሩ ጀርባ የተለጠፈው ቁጥር አሥራ ሰባት ይላል።

ስልኳ አጠገቧ ተደፍቷል። ገጽ በገለጠች ቁጥር መዳፏ ውስጥ ይገባል፣ አንዴ ፎቶ ያነሳል፣ ተመልሶ ይደፋል። ድምፅ የለውም።

ሠላሳ አራት።

ሠላሳ አምስት።

«አንቺ አዲሷ፣ የሕፃን ጠጉር ነው እንዴ የምታበጥሪው?»

ስልኩ ተደፋ።

«ብቀድደውስ፣ እትዬ? ከእርስዎ አፍ ማን ያወጣኛል?»

«ማንም። እኔ ራሴም አላወጣሽም።»

እትዬ ነጥብ ወንበራቸውን ስበው ተቀመጡ። ስማቸው እንዲህ አልነበረም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ቁጥር የሚያስገባውን ሁሉ «ነጥቡስ? ነጥቧን የት ጣልሃት?» እያሉ ሲያሳድዱ የወጣላቸው ስም ነው። የእሷም ስም አዲሷ አይደለም። የምርምር ተቋሙ ውስጥ ከተቀጠረች ስምንት ወሯ ነው፤ ከእሷ በኋላ የገባ ስለሌለ ግን አዲሷ እንደተባለች ቀረች። በቅጥር ወረቀቷ ላይ መረጃ አስገቢ ናት። በስውር የላካት መሥሪያ ቤት ሰንበሌጥ ይላታል። እናቷ ባወጣችላት ስም የሚጠራት ሰው ከጠፋ ግን ሰባት ዓመት አልፏል።

የተላከችበት ጉዳይ ይኸው ደብተር ነው። ተቋሙ የአርባ ጉድጓዶችን ውሃ በየማክሰኞው ያስለካል። ለካኞቹ በደብተር የጻፉት ቁጥር ተቋሙ ድረ ገጽ ላይ በከፈተው የመረጃ ቋት ይገባል። ተመራማሪው፣ ሐኪሙ፣ የከተማው ሹም፣ ሁሉም ያንን ገጽ ከፍቶ ያነባል። ውሃው ይጠጣል ወይስ አይጠጣም የሚባለው ከዚያ ተነሥቶ ነው። ከቆዳ ፋብሪካው በታች ያለው የአሥራ ሰባተኛው ጉድጓድ ቁጥር ግን ሦስት ዓመት ሙሉ እየተቀየረ ሲገባ ኖሯል። ደብተሩ ክሮሚየም የተባለው የቆዳ ማልፊያ መርዝ ዜሮ ነጥብ አራት አንድ ነው ሲል፣ ገጹ ዜሮ ነጥብ ዜሮ ሦስት ይላል። ለጤና የተፈቀደው ዜሮ ነጥብ ዜሮ አምስት ነው። በዚያ ጉድጓድ አራት ሺህ ሰው ይጠጣል።

ቅዳሜ አሮጌዎቹ ደብተሮች ይቃጠላሉ። ዳይሬክተሩ «ቋት ካለን ደብተር ለምን ያጣብበናል?» ብለው ፈርመዋል። ዛሬ ሐሙስ ነው።

«ያቺን የቀብር ገጽ አየሻት?» አሉ እትዬ ነጥብ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«አየኋት።»

በዚያ ገጽ ላይ ከአንዱ ማክሰኞ ትይዩ ቁጥር የለም። ለካኙ በተጣመመ እጅ ጽሑፍ «ዛሬ አልለካሁም። ልጄን እቀብራለሁ።» ብሏል። ድረ ገጹ ለዚያው ማክሰኞ ዜሮ ነጥብ ዜሮ ሦስት ብሎ አስቀምጧል። ቁጥሩን የቀየረው ሰው አምዱን ከላይ እስከ ታች ሲሞላ፣ ለካኝም ሰው መሆኑንና ቀን ሊጎድልበት እንደሚችል ረሳው።

«እንቅልፍ ነሳኝኮ» አሉ። «ባልተለካ ቀን ቁጥር ከየት ይመጣል? ዛሬ ጠዋት ለዳይሬክተሩ ነገርኳቸው። ፊታቸው አመድ መሰለ። ‹ሌላ ማን አይቷል?› አሉኝ። እኔ ብቻ ነኝ አልኳቸው። አንቺን አላነሳሁሽም፤ ያንገላቱሻል ብዬ።»

አዲሷ ማስመሪያውን አስቀመጠች። ሠላሳ ስድስተኛውን ገጽ ገና አላነሳችም።

«ምነው ደነገጥሽ?»

«አልደነገጥኩም፣ እትዬ። አመሰግናለሁ።»

«ለምኑ ነው የምታመሰግኚኝ? ሥራሽን ጨርሺ ይልቅ።» ሄዱ።

ሠላሳ ስድስት።

መስኮቱ ላይ ያለውን የአበባ ማሰሮ ከግራ ወደ ቀኝ አዞረችው። ትርጉሙ አንድ ነው፤ ዛሬ፣ በምሳ ሰዓት፣ በተለመደው ቦታ።

የተለመደው ቦታ የጤና ጣቢያው ተራ መጠበቂያ ነው። እዚያ ሰው የሚያየው የያዘውን ወረቀትና የሐኪሙን በር ብቻ ነው። አጎት የምትለው አለቃዋ ቀድሟት ደርሶ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ኮቱ ሰፍቶታል። ካየችው ሁለት ወር ሆኗታል፤ ከስቷል።

«ተራው ስንት ደረሰ?» አለች።

«አሥራ ዘጠኝ። እኔን አልፎኛል።»

የመለያ ቃሉ ትክክል ነው። ተቀመጠች።

ለሥራው የመለመላት አጎት ነው። እንዴት እንደሚኬድ፣ እንዴት እንደሚረሳ ያስተማራት እሱ ነው። እናቷ የሞተች ጊዜ መርዶውን የነገራትም እሱ ነበር፤ እንደዚህ ባለ አግዳሚ ላይ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ። ያኔ እጇን ያዝ አድርጎ ለቀቃት። ከዚያ ወዲህ የያዘው የለም።

«አምጪ።»

የገጾቹ ምስል ያለባትን ፍላሽ በሁለት ጣት አሳለፈችለት።

«ሌላ ቅጂ አለ?»

ገረማት። «ቅጂ የሌለው ማስረጃ ወሬ ነው» እያለ ያሳደጋት እሱ ነው። ስንት ቅጂ አለ ይላል እንጂ፣ አለ ወይ ብሎ ጠይቆ አያውቅም።

«የለም» አለች።

«ጎበዝ። የቀብሩስ ገጽ? ደብተሩ ላይ እንዳለ ነው?»

ስለ ቀብር አልነገረችውም።

በላከችለት መልእክት «አንድ ያልተለካ ቀን አለ» ብቻ ነበር ያለችው። ቀብሩን የሚያውቁት ለካኙ፣ እትዬ ነጥብና እሷ ናቸው።

ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ ደግሞ ዳይሬክተሩ።

አንዲት ሴትዮ ከሐኪሙ ክፍል ወጥታ ከፊታቸው አለፈች። አጎት እስክታልፍ ጠበቀ። አዲሷም ጠበቀች። ደብተሩ ከሹራቧ ሥር፣ ከጎኗ አጥንት ላይ ተለጥፏል። እርጥበቱ ቆዳዋን አቀዝቅዞታል።

«እንዳለ ነው» አለች። «ግን አልደረቀም። ቢሮ ድንጋይ ጭኜበት ነው የመጣሁት። አሁን ቢነሳ ገጾቹ ይቀደዳሉ።»

አጎት ለመጀመሪያ ጊዜ ዞሮ አያት። ዓይኑ ደክሟል።

«ከአንድ ሰዓት በኋላ በሩ ላይ እመጣለሁ። ራስሽ አውጪልኝ።»

«እሺ።»

«ሰንበሌጥ።» ቆመ። «ከዚህ በኋላ ታርፊያለሽ። ቃሌ ነው።»

እሱ እንዲህ ያለ ነገር ተናግሮ አያውቅም። እስከ በሩ ድረስ በዓይኗ ሸኘችው። ማልቀስ አማራት፤ ጊዜ አልነበረም።

ወደ ቢሮ ስትመለስ ሁሉም ለምሳ ወጥቷል። የእትዬ ነጥብ ወንበር ላይ ተቀመጠች። የይለፍ ቃላቸውን በመጀመሪያው ወር ጣታቸውን እያየች ይዛዋለች።

ወደ መሥሪያ ቤቱ መላክ አይቻልም። መንገዱ ሁሉ በአጎት በኩል ነው። የቀረው አንድ በር ነው፤ የተመራማሪዎች ማኅበር ከባሕር ማዶ የከፈተው ትልቁ ቋት። እዚያ የገባ መረጃ ቋሚ ቁጥር ይሰጠዋል። ቁጥሩን ካገኘ በኋላ ማንም አያጠፋውም። ያስገባው ሰው ራሱ ቢለምን አይጠፋም። ግን ማንነቱ ያልታወቀ ሰው ማስገባት አይችልም። ከዚህ ተቋም የታወቀው አንድ ስም ብቻ ነው።

የእትዬ ነጥብ።

ሠላሳ ስድስቱን ምስሎች ከስልኳ ጫነች። የአስገቢ ስም፣ ሞላች። የቦታው መለያ፣ ሞላች። የልኬቱ ዓይነት፣ መለኪያው። ሰዓቱን አየች። ሃያ አምስት ደቂቃ ቀርቷታል።

በሩ ተከፈተ።

«መነጽሬን ረስቼ…»

እትዬ ነጥብ ቆሙ። ወንበራቸውን አዩ፣ እሷን አዩ፣ የኮምፒውተሩ መስታወት ላይ የተጻፈውን ስማቸውን አዩ። መነጽራቸውን ከጠረጴዛው አንስተው አደረጉና ጠጋ ብለው እንደገና አዩት።

«አዲሷ አይደለሽም» አሉ።

«አይደለሁም።»

«ይሄ የአሥራ ሰባት ነው?»

«አዎ። ዳይሬክተሩ ናቸው የቀየሩት። ደብተሩን ሊያጠፉ የሚመጡ ሰዎች አሉ። ከእርስዎ ስም በቀር የሚቀበለው የለም።»

«ስሜን ከጻፍሽ የሚይዙት እኔን ነው።»

«አዎ።»

«ሳልሰማ ልትጨርሺው ነበር?»

እጇን ከቁልፎቹ ላይ አነሳች።

«አዎ፣ እትዬ።»

እትዬ ነጥብ ከመስታወቱ ወደ እሷ ዞሩ። ፊታቸው ላይ የመጣው ንዴት አልነበረም። ከልጁ ያልጠበቀው ነገር እንደደረሰበት ሰው ነበሩ።

ከዚያ ጣታቸውን ወደ መስታወቱ ዘረጉ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የቱ?»

«መለኪያው። ማይክሮግራም ነው ያልሽው። ለካኙ የጻፈው በሚሊግራም ነው። ዜሮ ነጥብ አራት አንድ ማይክሮግራም ብለሽ ብታወጪው ውሃው ጠበል ነው ማለትኮ ነው። ፋብሪካው ራሱ አሳትሞ በየግድግዳው ይለጥፍልሻል።»

አዲሷ አየችው። እውነት ነበር። በቋሚ ቁጥር፣ ለዘላለም፣ ስህተት ልትቀብር ነበር።

«ተነሺ።»

ተነሳች። እትዬ ነጥብ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ፣ ቀሚሳቸውን አስተካከሉ። መለኪያውን አረሙ። ገጾቹን አንድ በአንድ ከፍተው ቀኑን ከቁጥሩ አመሳከሩ።

«እትዬ፣ ጊዜ የለንም።»

«ካለን ጊዜ ሁሉ ይሄ ይበልጣል።»

የቀብሩ ገጽ ላይ ሲደርሱ ትንሽ ቆዩ። በማስታወሻው ቦታ «ያልተለካ» ብለው ጻፉ። ቁልፉን የተጫኑት እሳቸው ናቸው።

ጎማ የመሰለች ክብ ትሽከረከር ጀመር።

አንድ ደቂቃ።

ሁለት።

ቁጥሩ መጣ። እትዬ ነጥብ አንዴ ድምፃቸውን አውጥተው አነበቡት።

«ደብተሩን ለባለቤቱ አድርሺለት። በገዛ እጁ የጻፈውን በገዛ እጁ ይያዘው።»

«እትዬ፣ እኔ ስሜ…»

«አትንገሪኝ» አሉ ሳይዞሩ። «ይጠይቁኛል። መዋሸት ደግሞ አልችልበትም።»

ደረጃውን ወረደች። ጥበቃው በመስኮቱ አንገቱን አወጣ።

«አዲሷ፣ በር ላይ ሁለት ሰው ይዞ የቆመ አጎትሽ ነኝ ይላል። ባለ መኪና ዘመድ አለኝ ብለሽ አታውቂም። ከእኛም ትደብቂያለሽ ለካ።»

«ጋሼ፣ ደብተሩ አልደረቀም፣ አሥር ደቂቃ ጠብቀኝ ብላለች በልልኝ።»

«ደብተር አድራቂ ሆነሽ ቀረሽ በቃ።»

ሳቀች። በጓሮ በኩል የአሮጌ ወረቀት ሰብሳቢው ጋሪ ቆሟል። አንድ ካርቶን አንስታ ፊቷን ሸፈነች። ከጋሪው ጎን እየተራመደች ወጣች።

መኪናው አጠገብ አለፉ።

አጎት ሰዓቱን ያይ ነበር።

ካርቶን ለተሸከመች ሴት ቀና አላለም። እንዲህ እንድትሄድ ያስተማራት እሱ ነው።

በአራተኛው ቀን ለካኙ በሩን ሲከፍት በላስቲክ የተጠቀለለ ደብተር ደጃፉ ላይ አገኘ። በሦስተኛው ወር ያንኑ ይዞ ዳኛ ፊት ቆመ። ጉድጓዱ ተዘጋ። ለአራት ሺህ ሰው ውሃ በቦቴ ይመላለስ ጀመር። ዳይሬክተሩ ለስብሰባ እንደወጡ አልተመለሱም። ስለ አጎት የተሰማ የለም፤ እንደ እሱ ስላለ ሰው አይሰማም። እትዬ ነጥብ ግን በቋቱ ላይ የተገኘው የእሳቸው ስም ነበርና የተቋሙን ምስጢር አውጥተዋል ተብለው ታሰሩ። ክሱ ይነሳል ይባላል፣ ቀጠሮው ይራዘማል። ፈቃድ የሰጣቸው ማን እንደሆነ ሲጠየቁ ማንም አልሰጠኝም፣ ማን እንደረዳቸው ሲጠየቁ ስሟን አላውቅም አሉ። ሁለቱም እውነት ነበር።

በሌላ ከተማ፣ አንድ ልብስ ሰፊ ቤት፣ ሌላ ስም ያላት ሴት ጠርዝ ትቀመቅማለች። በየወሩ መጀመሪያ ኢንተርኔት ቤት ገብታ አንድ ገጽ ትከፍታለች። ሁለት ሺህ ሦስት መቶ አሥራ ስድስት ሰው አውርዶታል ይላል። ሠላሳ ስድስት ገጽ። አንድ ያልተለካ ማክሰኞ። ከታች ጥያቄ ያለው የሚጽፍበት የአስገቢዋ አድራሻ።

በዚህ ወር አድራሻው አልነበረም። በቦታው አንድ መስመር ገብቷል።

«መረጃውን ያስገቡት በሕይወት የሉም።»

ሦስት ጊዜ አነበበችው። ገጹን ዘጋች። ተራ የሚጠብቅ ሰው ነበርና ተነሳችለት።

ስትመለስ የሱቁ ባለቤት ከስፌት መኪናዋ ቀና አለች።

«ምነው ፊትሽ? ሰው ሞተብሽ እንዴ?»

«የለም፣ እታለም። ፀሐዩ ነው።»

«ውሃ ጠጪ እንግዲያ። መጋረጃው ዛሬ ይፈለጋል።»

ተቀመጠች። ከመጋረጃው ጠርዝ ሁለት ክንድ ያህል ቀርቶ ነበር። መርፌውን ያቆመችበት ቦታ ፈልጋ ቀጠለች። አንዱ ስፌት ጠመመባት፤ ፈታ እንደገና ሰፋችው። ጫፉ ላይ ስትደርስ ቋጠረች፣ ክሩን በጥርሷ በጠሰች፣ መጋረጃውን ለአራት አጥፋ ያለቁት ልብሶች ላይ አኖረችው።