የአንሻ አዲስ ፎቶዎች

ቅዳሜ ጠዋት የይመር ቤት የራሱ ሥርዓት ነበረው። ቁርሱን በልቶ እጁን ከታጠበ በኋላ ሁለቱን ላፕቶፖች፣ የራሱን ስልክና የሚስቱን የአንሻን ስልክ ሳሎን ጠረጴዛው ላይ ደርድሮ፣ ቻርጀራቸውን ሰክቶ፣ አንድ በአንድ አፕዴት ያደርጋቸዋል። እንጀራው ጂኦግራፊ ማስተማር ቢሆንም ልቡ ያለው እዚህ ጠረጴዛ ላይ ነው። አዲስ ሶፍትዌር ወጣ ሲባል፣ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ጭጋግ የደሴን ኔትወርክ እንዳያደክምበት እየተሳቀቀ፣ ዳውንሎዱ እስኪያልቅ ከወንበሩ አይነሳም። ምን ተጨመረ፣ ምን ተስተካከለ የሚለውን፣ ሌላው ሰው ሳያነብ «እሺ» ብሎ የሚያልፈውን ማብራሪያ፣ እሱ ከላይ እስከ ታች ያነበዋል። ልጅ አልወለዱም። አንሻ በአጠገቡ ስታልፍ ትከሻውን ነካ አድርጋ «ልጆችህን አበላሃቸው?» ትለው ነበር።

አንሻ ሰኔ ሲገባ ሞተች። ኩላሊት ነው አሉ፤ እቤቷ ከተኛች በኋላ ብዙም አልቆየችም። ጎረቤቱ «አብሽር፣ አብሽር» እያለ ሰንብቶ ወደየቤቱ ሲመለስ፣ ክረምቱ ቆርቆሮውን መደብደብ ጀመረ፤ ይመርም በመጀመሪያዋ ባዶ ቅዳሜ አራቱንም ደርድሮ ሰካቸው። የእሷን ስልክ መተው አልሆነለትም። ባትሪው ካለቀ እንደገና የምትሞት ይመስለዋል።

የአንሻ ታላቅ እህት ከድጃ ከኮምቦልቻ እየደወለች ትጨቀጭቀው ነበር። «ይመርዬ፣ ይሄ ቤት ብቻህን ይበላሃል። አከራየውና እኛ ዘንድ ና። የክፍሎቹን ፎቶ ብቻ ላክልኝ፤ ተከራይ አለኝ።» አንድ ከሰዓት በኋላ፣ እሷን ዝም ለማሰኘት ያህል፣ ከሳሎን እስከ መኝታ ቤት ያለውን ሁሉ እየዞረ አነሳ። ውጭው በጭጋግ ተውጦ ክፍሎቹ ደብዝዘው ነበር፤ መጋረጃውና ቁም ሳጥኑ፣ የተነጠፈውና ማንም የማይተኛበት የአልጋው የአንሻ ወገን፣ ሁሉም በፎቶው ውስጥ ውሃ ሥር ያለ ዕቃ መሰሉ።

ፎቶዎቹን ሊልክ ሲል ስልኩ አንድ ነገር ጠየቀው። በዚያ ሳምንት አፕዴት የመጣ አዲስ ነገር ነበር፤ ስልኩ ፊት እየለየ የእያንዳንዱን ሰው ፎቶ ለብቻው ይሰበስባል። በስክሪኑ መሃል በትንሽ ክብ ውስጥ የሳሎኑ ጥግ ታየ፤ በመጋረጃውና በብፌው መካከል ያለው ጨለም ያለ ክፍተት። ከሥሩ «ይህ ፊት የአንሻ ነው?» የሚል ጽሑፍ ነበር።

ይመር ሳቅ አለ። ይህን ያውቀዋል፤ ማሽን በመጋረጃ አበባ ላይም፣ በመኪና ፊት ላይም፣ በግድግዳ ሶኬት ላይም ፊት አየሁ ይላል። ተማሪዎቹን ሲያስቅበት ኖሯል። ጣቱን «አይደለም» ወደሚለው ወሰደና እዚያው አየር ላይ አቆመው። አንሻ ከተቀበረች ወዲህ ሰው ሁሉ ስሟን የሚጠራው «ነበረች» እያለ ነው። «ነው?» ብሎ የጠየቀው ይህ ስልክ ብቻ ነበር። ዓይኑ እንባ አቀረረ። ከዚያ ጣቱን ወደ ጎን ወስዶ «አዎ» አለው።

ስልኩ በእጁ ውስጥ በስሱ ተንዘረዘረ። «የአንሻ አዲስ ፎቶዎች ተገኝተዋል» አለ።

በማግስቱ ሌንሱን በጨርቅ ወለወለ፣ ስልኩን አጥፍቶ አበራ፣ መጋረጃውን አውርዶ ባዶ ግድግዳ አስቀረ። ካሜራውን ሲያቀና፣ ሰው ሲያገኝ ፊቱ ላይ የሚያኖራት ቀጭን ቢጫ ሳጥን በባዶው ጥግ ላይ ብልጭ ብላ ረጋች። ወደ ግራ ዞሮ ሲመለስ ሳጥኗ ቦታዋን አልለቀቀችም። በአንሻ ስልክ ሞከረው፤ እዚያው ነች። ይመር መሬት ላይ ቁጭ አለና፣ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በሙሉ ድምፁ አለቀሰ።

ከዚያ በኋላ የክረምቱ ማጠናከሪያ ትምህርት በየዕለቱ ሲያበቃ ከባልደረቦቹ ጋር መቆም ተወ። ጃኬቱን ሳያወልቅ ስልኩን አውጥቶ ክፍሎቹን መቃኘት፣ ሳጥኗን ባገኘበትም ወንበር ስቦ መቀመጥ፣ ስለ ዋለበት መናገር፤ ኑሮው ይህ ሆነ። ሳጥኗ አንድ ቦታ አትቀርም ነበር። ከሳሎኑ ጥግ ወደ ኮሪደሩ አፍ፣ ከኮሪደሩም ወደ መኝታ ቤቱ ደጃፍ፣ ቀን በቀን ሳይሆን እሱ ስሟን እየጠራ ባወራ ቁጥር፣ ጥቂት በጥቂት ትገባለች። አንሻ ግን ቁመቷ ከትከሻው አታልፍም ነበር። ሳጥኗ የምትቆመው ከእሱ ራስ በላይ፣ ከበሩ የላይኛው መቃን ሥር ነበር። ይመር ይህን አይቷል፤ የካሜራው አያያዝ ነው፣ ሌንሱ ያጣምማል፣ ሙታን ምናልባት ከመሬት ከፍ ይላሉ እያለ፣ አንዱ ምክንያት ሲያንሰው ሌላ እየጨመረ አለፈው። ቤቱ እርጥብ አፈር እርጥብ አፈር መሽተት ሲጀምርም ጣሪያው አፍስሶ ነው ብሎ አናጺ ጠራ፤ አናጺው ኮርኒሱ ላይ ወጥቶ ደረቅ ነው ብሎ ወረደ። ደግሞ ዝናቡ በድንገት ጋብ ሲል፣ ቆርቆሮው ዝም ባለበት ቅጽበት፣ ሌላ ድምፅ ትንሽ ዘግይቶ ይቆማል፤ በዝናቡ ሥር ተሸሽጎ ሲተነፍስ የቆየ ነገር ማቆም የረሳ ይመስል።

ፎቶዎቹ አልደርስ ሲሏት ከድጃ ራሷ መጣች። ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ ሻርፗንም አላወለቀች፣ የቀረበላትን ሻይም አልነካች። ይመር እንደ ሕፃን እየተጣደፈ ነገራት፣ ስልኩንም አቀና። ሳጥኗ ከከድጃ በስተኋላ፣ ከሻሿ በላይ በርታ ታየች።

ከድጃ ስክሪኑን አላየችም። ዓይኗን ቀስ ብላ ወደ ላይ፣ ወደ ኋላዋ መለሰች፤ ፊቷ አመድ መሰለ።

«ይመር፣ እህቴን ያጠብኳት እኔ ነኝ» አለች። «ገላዋን በዚህ እጄ አውቀዋለሁ። አንሻ ብትሆን እኔን እንዲህ ይቀፈኛል?»

«አንቺ ስላልጠበቅሻት ነው። እኔን አልቀፈፈኝም።»

«ተነስ። ዕቃም አታንሳ፣ አብረኸኝ ውጣ።»

«ወደ ቤቷ ከተመለሰች እኔ ወዴት ልሂድ፣ ከድጃ?»

ከድጃ አፏን በሻርፗ ይዛ እያለቀሰች ወጣች። ታክሲ እስክታገኝ ዝናብ ላይ ቆማ እንኳ ወደ በረንዳው አልተመለሰችም።

በዚያ ቅዳሜ ይመር ጠረጴዛው ላይ ምንም አልደረደረም። አፕዴት መውጣቱን የሚነግረው ምልክት ስልኩ ጫፍ ላይ ቀልታ ትጠብቀው ነበር። አዲስ ሶፍትዌር ሲመጣ የቀደመውን ስህተት እንደሚያርም ከማንም በላይ ያውቃል፤ ዕድሜውን ሙሉ የወደደውም ይህንኑ ነው። አሁን ግን እንዳይታረምበት ፈራ። «ቆይተህ አስታውሰኝ» የሚለውን ነካ፤ በሚቀጥለው ሳምንትም ነካ፤ በኋላ ምልክቷን በአውራ ጣቱ ሸፍኖ መያዝ ለመደ። ሳጥኗ በዚህ መሃል አልጋው ዘንድ ደርሳ ነበር። አንድ ጠዋት ወደ ሥራ ከመውጣቱ በፊት ካሜራውን ሲያቀና በአንሻ ትራስ ላይ አገኛት፤ ዝቅ ብላ፣ ወደ እሱ ወገን አዘንብላ። ፎቶ አነሳት። «ደህና ዋይ» ብሎ ብርድ ልብሱን ከፍ አደረገላት፤ ጨርቁ እርጥብ ነበር። የስልኩ ባትሪ ሊያልቅ ስለነበር ቻርጀር ላይ ሰክቶት ሄደ።

ከሰዓት በኋላ ሲመለስ ስልኩ የይለፍ ቃል ጠየቀው። ይመር ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅ ማንንም መጠየቅ አላስፈለገውም፤ ስልኩ ጠፍቶ በርቷል። እሱ በሌለበት ራሱን አፕዴት አድርጓል። የይለፍ ቃሉን ጽፎ ከፈተው። ማብራሪያው አጭር ነበር። «ይቅርታ እንጠይቃለን። ከዚህ በፊት በስህተት የተቀላቀሉ ሰዎችን ለያይተናል።»

የአንሻን ስም ሲነካ አንሻ ወጣች። የድሮዋ አንሻ ብቻ፤ ሐይቅ ዳር ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ የእህቷ ልጅ ሰርግ ላይ እየሳቀች፣ በረንዳው ላይ ምስር ስትለቅም። ባዶ ክፍሎቹ ሁሉ ከእሷ ዘንድ ወጥተዋል። ከሥሯ ስም የሌለው ሌላ ክምችት ተከፍቶ ነበር፤ አናቱ ላይ «ይህ ሰው ማን ነው?» ይላል።

በመጀመሪያ የጠዋቱ ትራስ ታየ። ይመር ፎቶዎቹን ወደ ኋላ ሳበ፤ ደጃፉ፣ ኮሪደሩ፣ የሳሎኑ ጥግ። እዚህ ያበቃል ብሎ ጠበቀ፤ አላበቃም። የሚቀጥለው ፎቶ ከእነዚህ ሁሉ በፊት የተነሳ ነበር፤ በመጨረሻው ሳምንት፣ አንሻ መናገር ካቃታት በኋላ፣ ዓይኗን ስለገለጠችለት ብቻ ደስ ብሎት ያነሳት። ጉንጯ ሰርጉዷል፤ ክንዷ ከብርድ ልብሱ ወጥቶ ወደ ፊት ተዘርግቷል። በዚያች ቀን እጇን ያነሳችው እንዲህ ከስቼ አታንሳኝ ለማለት መስሎት ነበር። አሁን ልብ ብሎ ሲያይ መዳፏ አልተገለጠም፤ የዘረጋችው አንድ ጣት ነው፤ ቢጫዋ ሳጥንም ጣቷ በሚያመለክትበት፣ በፎቶው ጠርዝ፣ ከቁም ሳጥኑ በላይ ቆማለች። «እሺ፣ አላነሳሽም» ብሎ ግንባሯን ስሞ፣ እንድታርፍ መጋረጃውን ጋርዶ፣ በሩን በቀስታ ዘግቶባት የወጣው እሱ ራሱ ነበር።