«የነቀዝ ክኒን አለ፣ አትግቡ»

መምህር ሀብተሥላሴ የሽምብራ መጋዘን ውስጥ ሞተው ተገኙ። በሩ ላይ የራስ ቅል የተሳለበት ማስጠንቀቂያ ተሰቅሏል፦ «የነቀዝ ክኒን አለ፣ አትግቡ።» ስለዚህ ቁስቋም ሥር ያለው ኮሌጅ በሙሉ ገዳዩ የክኒኑ መርዘኛ ጋዝ ነው አለ። ጥፋቱ ደግሞ የዕቃ ቤት ኃላፊዋ የዝናሽ ሆነ፤ ክኒኑን ጨምራ በሩን ሳትቆልፍ ሄዳለች ተባለ። ኢንስፔክተር ሐረገወይን ስትደርስ ዝናሽ በካቴና ታስራ ደረጃው ላይ ተቀምጣለች። ከሰዓት በኋላ ፍርድ ቤት ትቀርባለች።

ሐረገወይን ሬሳውን አየች። ማጅራታቸው አብጧል። ሲወድቁ ተመትተው ነው አላት በቦታው የነበረው ፖሊስ። የጫማቸው ተረከዝ ግን ከኋላ ተፋፍቋል። በረንዳው ሚዛን ላይ አንድ ጆንያ አፉ ተፈትቶ ቀርቷል፤ ሚዛኑ አቧራ ለብሷል፣ አንዱ የብረት ጠርዙ ብቻ ተወልውሏል።

ሟቹ ግዥና አቅርቦት ያስተምሩ ነበር። ሰሌዳ አይወዱም። ተማሪው ገበያ ወርዶ፣ ተከራክሮ፣ አስጭኖ ካላስረከበ ውጤት የለም። ዘንድሮ የኮሌጁን ወጥ ቤት የሽምብራ ግዥ ተማሪው ክንዱ ለሚመራው ቡድን ሰጡ። ክንዱም ከማክሰኝት ገበሬዎች፣ ከአውድማ ላይ ገዛሁ ብሎ መጋዘኑን ሞላው። ርክክቡ ካለቀ ይመረቃል። በዚህ የተነሳ የኮሌጁ ገበያ የቀረበት የኮላ ድባው ነጋዴ የሻው ከመምህሩ ጋር በሰው ፊት ተጨቃጭቋል።

ዝናሽ ክኒን አልጨመርኩም አለች፤ ገና አልመጣም። ማስጠንቀቂያውን ስቀይ ያሏት መምህሩ ናቸው፤ እስከ ርክክቡ ማንም ጆንያ እንዳይነካ፣ ለማንም እንዳትናገሪ ብለው። ፖሊሱ ስቆባታል።

«ያኔ ውሸቱን ሁሉም አመነኝ፣ እትዬ» አለች። «አሁን እውነቱን የሚያምነኝ ጠፋ።»

የሻው መጋዘኑ ሲገባ ከሰላምታው በፊት ጆንያ ውስጥ እጁን እስከ ክርኑ ሰደደ። የእህል ነጋዴ ጆንያ አይቶ አያልፍም። አውጥቶ አራገፈው።

«አያ የሻው፣ ከሟቹ ጋር ተጣልተዋል ይባላል።»

«ምነው፣ ሰው አይጣላም እንዴ? ታርቀናል። የልጁ እህል ካልሆነ ገበያውን ላንተ እመልሳለሁ ብለውኝ ነበር። አሁን ማን ይመልስልኛል?»

ሬሳውን መጀመሪያ ያገኘው ክንዱ ጥሩ ተናጋሪ ነው። ጠዋት በሩ ገርበብ ብሎ አገኘሁት አለ፤ ስከፍተው የነጭ ሽንኩርት ሽታ ገፋኝ፣ አፍንጫዬን በሻርፕ ጠቅልዬ ገባሁ።

ሐረገወይን ሦስቱንም መጋዘኑ ውስጥ አቆመቻቸው።

«ክንዱ፣ ምን ነበር የሸተተህ?»

«ነጭ ሽንኩርት። ክኒኑ እንደዚያ ነው የሚሸተው፣ ተምረናል።»

ከጆንያው እፍኝ ሽምብራ ዘግና ፊቱ ላይ ዘረጋችለት። ነቀዙ በጣቶቿ መሀል ይርመሰመሳል።

«ሰው የገደለ ክኒን እነዚህን አልገደለም። ክኒን አልነበረም። ያልነበረ ነገር አንተ ብቻ ሸተተህ።»

«ማስጠንቀቂያውን አይቼ መስሎኝ ይሆናል።»

«ይሁን። ዝናሽ ገድላ ቢሆን ክኒን አለ ብላ ትምል ነበር፤ የለም አትልም። አያ የሻው ገበያው የሚመለስላቸው መምህሩ በሕይወት ቢኖሩ ነው። ደግሞ እጃቸውን ሲሰዱ ነቀዙን አይተውታል፤ በክኒን ሊያሳብቡ አይነሱም። አንተስ? ይሄን ሽምብራ እይ፣ ተበስቶ አልቋል። ከአውድማ የመጣ እንዲህ አይሆንም። የከረመ ርካሽ እህል ነው። ማክሰኝት አልወረድክም።»

ክንዱ ዓይኑን ከሽምብራው ላይ አነሳ።

«መምህሩ ጠርጥረዋል። ማስጠንቀቂያውን ያሰቀሉት አንተ ጆንያ እንዳትቀይር ነው። ትናንት አመሻሽ አንዱን በረንዳው ላይ አውጥተው ፊትህ ፈቱት። ገፋኻቸው፣ ማጅራታቸው የሚዛኑን ብረት መታው። ብረቱን ወለወልክ። ክኒኑ የገደላቸው እንዲመስል ተረከዛቸው መሬት እየፋቀ ጎትተህ አስገባሃቸው፣ ማስጠንቀቂያውን አምነህ ትንፋሽህን ይዘህ። አንዴ ብትተነፍስ ኖሮ የሚሸተው ሽምብራ ብቻ እንደሆነ ታውቅ ነበር።»

ክንዱ ጆንያው ላይ ቁጭ አለ።

«ልገድላቸው አልነበረም» አለ ቀስ ብሎ። «አትመረቅም አሉኝ።»

ሐረገወይን ሽምብራውን ወደ ጆንያው መለሰች። ካቴናውን ከዝናሽ እጅ ፈታችና ለክንዱ አጠለቀችለት።