ተዪው ካላልኩሽ

ካፒቴን ወንድአፍራሽ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከበረራ በፊት የሚያደርገውን ያን ቀን ጠዋትም አደረገ፤ በትንሿ የማሠልጠኛ አውሮፕላን ግራ ክንፍ የፊት ጠርዝ ላይ ባለችው ቀዳዳ መሐረቡን ጣል አድርጎ፣ አፉን ገጥሞ አየር ወደ ውስጥ ሳበ። የማስጠንቀቂያው ጡሩምባ እንደ ነዝናዛ ሕፃን እሪ አለ። ሰማይ ላይ፣ ክንፉን አየር ሊከዳውና አውሮፕላኑ ሊወድቅ ሲል፣ ቀዳዳዋን የሚስባት ነፋሱ ራሱ ነው፤ መሬት ላይ ግን ሰው በአፉ ካልሳበ ድምፅ የለም።

ተማሪዋ ረድኤት የበረራ ፈተናውን አንድ ጊዜ ወድቃለች፤ የነገው የመጨረሻ ዕድሏ ነው። ጥፋቷ ማመንታት ነበር። የአውሮፕላኑ አፍንጫ ሽቅብ ተሰቅሎ ክንፉ መንቀጥቀጥ ሲጀምር፣ መሪውን ገፍታ አፍንጫውን ወደ ምድር መድፋት ሲገባት ወደ ራሷ ትስባለች። ስለዚህ ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድ ነገር ብቻ ነገራት፤ ጡሩምባው ሲጮኽ አትጠይቂ፣ ወደፊት ግፊ፣ ነገሩ ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ዛሬ ከአየር ማረፊያው አጠገብ ካለው ሐይቅ በላይ አምስት ጊዜ ሆን ብለው አስጮኹት፤ አምስቱንም ጊዜ እጇ ከሐሳቧ ቀድሞ ገፋ። እንደ አባት ኮራባት።

ስድስተኛውን ማንም አልጠራውም። ቀጥ ብለው በሙሉ ፍጥነት እየበረሩ ሳለ ጡሩምባው ጮኸ፣ ረድኤትም ገፋች፣ ሁለቱም ከመቀመጫቸው ተነሥተው ቀበቷቸው ላይ ተንጠለጠሉ። አቧራ ገብቶበት ይሆናል ብሎ ሳቀ። ሲደገም ግን አልሳቀም፤ ከጩኸቱ ሥር ምራቅ ያለበት፣ እርጥብ፣ ቀስ ብሎ የሚሳብ ትንፋሽ ሰማ፣ መሐረብ ያላደረገ አፍ ቀዳዳዋ ላይ የተገጠመ ይመስል። የሰው ትንፋሽ ያልቃል። ይኼኛው አላለቀም።

ሲያርፉ ለመካኒኩ አልነገረውም፤ ከነገረው አውሮፕላኑ ይቆማል፣ የልጅቷም ፈተና በዚያው ይቀራል። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ቅጠል የሚያነቃንቅ ነፋስ እንኳ ሳይኖር፣ ቀዳዳዋን በፕላስተር አሸጋት። ፕላስተሩ ከአውራ ጣቱ ሥር ወደ ውስጥ ስርጉድ አለ። አላየሁም ብሎ ራሱን ሸነገለ።

"ምነው ካፒቴን፣ ላብ በላብ ሆኑ?" አለችው።

"ሙቀቱ ነው። አንድ የማረፍ ልምምድ ይቀረናል። ጡሩምባው ዛሬ ዐመሉ ተበላሽቷል፤ በሐሰት ከጮኸ 'ተዪው' እልሻለሁ። ካላልኩሽ ግፊ።"

"እሺ ካፒቴን።"

ተነሥተው፣ ዞረው እስኪመለሱ ምንም አልተሰማም። እሱ ግን ከሞተሩ ጉርምርምታ ሥር ያንኑ ትንፋሽ ለመስማት ጆሮውን ጥሎ ነበር። መንደርደሪያው ከፊታቸው ተዘረጋ፣ ፍጥነታቸው ልክ ነው፣ ደረቁ ሣር ከሥራቸው ይሮጣል፣ ከመሬት ያላቸው ርቀት የሁለት ቤት ቁመት ቢሆን ነው። ይኼኔ ጩኸቱ መጣ። ከክንፉ አልነበረም። እዚያው አውሮፕላኑ ውስጥ፣ ከጆሮው ሥር ነበር።

ረድኤት ዘወር ብላ ዓይኗን አፉ ላይ ተከለች፤ አንዲቷን ቃል እየጠበቀች ነበር። ሊናገር ፈለገ። እጁም ምላሱም አልታዘዝ አሉት፤ ከንፈሮቹ ሞጥሙጠው፣ ቀዝቅዘው፣ አየሩን ወደ ውስጥ ይስቡ ነበር፣ ይስቡ ነበር፣ አያልቅም። ረድኤትም ቃሉን ስታጣ፣ እንዳስተማራት፣ ሳትጠይቅ ገፋች።